ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፤ ለመጨረሻው ሰው በሚመች እርምጃ

የአዲስ አበባ ሰው ክረምትን የሚፈራው ለዝናቡና ለጭቃው እንጂ ለብርዱ አይደለም። አጥንት ሰብሮ የሚገባው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ጋቢው ሲገፈፍ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ሊነጋ ሲል ሜዳ ላይ ያለው ሣር በውርጭ ነጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ግን ዝናብ ያገኘኛል፣ ጭቃ ያንሸራትተኛል የሚል ሥጋት የለም። ከልጆችና ከአረጋውያን ጋር ተራራ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ተራራውም ሩቅ አይደለም። በብዙ ከተማ ተራራ ለመውጣት መጀመሪያ መኪና መፈለግ ግድ ነው። እንጦጦ ግን የሚጀምረው ከሰፈራችን መንገድ ላይ ነው። አስፋልቱ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጎ፣ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም ደጅ ይደርሳል። እኛ ግን ተራራውን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ለምደነዋል። ልብስ ስናሰጣ ቀና ብለን እናየዋለን፤ ጭጋግ ሲለብስ «ዛሬ ሊዘንብ ነው» እንላለን፤ በቃ።

ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ ቅዳሜ የሄድነው 14 ሰዎች ነበርን። ሁላችንም አፍንጮ በር አካባቢ የምንኖር፣ በአንድ እድር የተሰባሰብን ቤተሰቦች ነን። ሐሳቡን ያመጡት የእድራችን ዳኛ ናቸው። በአንድ ቀብር ማግሥት፣ ድንኳኑ ሲነቀል፣ «እኛ እኮ የምንገናኘው ድንኳን ሥር ብቻ ሆነ። ልጆቻችን እንኳ አይተዋወቁም። አንድ ቀን ሰው ሳይሞት እንገናኝ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩ ግን በሳቅ አልቀረም። ከመካከላችን ትንሹ የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ ትልቋ ደግሞ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው የ71 ዓመት እናት። እማማ ከልጃቸውና 9ኛ ክፍል ከደረሰች የልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጃቸው እስከ መጨረሻው ቀን «እማዬ ቢቀርብሽስ» ትላቸው ነበር። እሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሸራ ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው ተገኙ።

መነሻችን ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልት ሥር ነበር፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ታክሲዎቹ ገና መሙላት ጀምረዋል፤ ረዳቶቹ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲሉ ከአፋቸው ጭስ የሚመስል እንፋሎት ይወጣል። ልጆቹ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ይዞሩ ነበር። ከእነሱ አንዷ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀች። የእድሩ ዳኛ አጠር አድርገው ነገሯት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ገዥ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያ ማዶ በሚታየው ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በሺዎች የሚቆጠር የከተማው ሰው ተጨፈጨፈ። ልጅቷ ግቢውን አየች፣ ሐውልቱን አየች፣ ቀጥላም «በጣም ቅርብ ነው» አለች። መጽሐፍ ላይ ሩቅ የሚመስለው ታሪክ መንገድ ሲሻገሩ እንዲህ ይቀርባል።

ከዚያ ሽቅብ ነው። የዩኒቨርሲቲውን አጥር፣ ከዚያም የአሜሪካ ኤምባሲን ረጅም ግንብ አልፈን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሽሮ ሜዳን ጠዋት ማየት ደግ ነው። ሱቆቹ ሲከፈቱ ነጠላው፣ ጋቢውና ባለ ጥበቡ ቀሚስ ተራ በተራ እየወጣ ይሰቀላል፤ የገና ገበያ ስለቀረበ ሻጮቹ ቀድመው ተነሥተዋል። ይህን ሥራ እዚህ ሰፈር ያደላደሉት ከደቡብ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ የሸማ ዕቃው ድምፅ ይሰማል። ከሴቶቹ ሁለቱ አንድ ሱቅ ላይ ቆመው ዋጋ መጠየቅ ጀምረው ነበር። «ስንመለስ! ስንመለስ!» ብለን ጎተትናቸው።

ሽሮ ሜዳ ላይ የእድሩ ዳኛ ሁላችንንም ሰብስበው አንድ ሕግ አወጡ። «ከፊት የሚሄደው እሷ ናት» አሉ፣ ወደ እማማ እየጠቆሙ። «እሷን የሚቀድም የለም። ሰው የሚሄደው ለመጨረሻው ሰው በሚመች እርምጃ ነው።» ከጎረምሶቹ አባቶች አንዱ፣ አዲስ ቱታ ለብሶ የመጣው፣ ብዙም ደስ አላለውም። «እኔ ትንሽ ሮጥ ሮጥ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» አለና ሄደ። ከሦስተኛው ጠመዝማዛ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ በላብ ርሶ፣ ትንፋሽ አጥሮት አገኘነው። እማማ ቆም ሳይሉ «ልጄ፣ ላብህ ሳይበርድብህ ተነሥ» ብለውት አለፉ። ከዚያ በኋላ እስከ ጫፍ ድረስ ከኋላ ነበር።

የሆነው የሚገርም አይደለም። የከተማችን መካከለኛ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ከፍተኛው ጫፍ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ያው አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ያንሳል ማለት ነው። የአገራችን ሯጮች ሌሊት ተነሥተው እዚህ የሚለማመዱት ለዚሁ ነው፤ ሰውነት ባነሰ ኦክስጅን መሥራትን ሲለምድ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይጨምራል። ሯጭ ላልሆነ ሰው ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። እየሄዱ ማውራት ካቃተ እርምጃው ፈጥኗል። መለኪያው ይኸው ነው፤ ሰዓትም ስልክም አያስፈልገውም። እማማ ይህን ማን እንዳስተማራቸው በዚያ ሰዓት አላወቅንም እንጂ፣ እርምጃቸው ልክ በዚህ መለኪያ የተቆረጠ ነበር። ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥሙትም፤ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያጋደሉ ይወጡታል። እግራቸውን ሙሉ በሙሉ ያሳርፋሉ። አይቸኩሉም፣ አይቆሙምም።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሲነሡ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ስላለ ወላጅ ልጁን በወፍራም ጃኬት ይጠቀልለዋል። ዳገቱ ሲጀምር ልጁ ያልበዋል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ጫፍ ላይ ንፋሱ ሲያገኘው ደግሞ ላቡ ይበርድበታል። ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል። ደረቅ ካናቴራ በቦርሳ መያዝም አይከፋም።

ከቤቶቹ በላይ ባሕር ዛፉ ይጀምራል፤ ሽታው ገና ከሩቅ ይቀበላል። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልታ ያጠነችን እናት ያለችን ሁሉ ይህን ሽታ እናውቀዋለን። ዛፉ የአገራችን አይደለም። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ «ባሕር ዛፍ» የተባለውም ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማ ባቆሙበት ዘመን የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ከተማዋ ወደ ታች ወርዳ አዲስ አበባ ከሆነች በኋላም የእንጨት ችግር ተከትሏት ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያን አሳብ ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት የቆመችው በዚህ እንግዳ ዛፍ ጭምር ነው። ዕዳውም አልቀረም፤ ዛፉ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም። አሁን በእንጦጦ ፓርክ አካባቢ አገር በቀል ችግኞች ሲተከሉ የሚታየው ለዚህ ነው።

በጠመዝማዛው መካከል አቋራጭ አለ። አስፋልቱን ለቀን በእሱ ስንገባ እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ። ልጃቸው ደነገጠች፤ «ደከመሽ? ውኃ ልስጥሽ?» አለች። እማማ አልመለሱላትም። ከመንገዱ ዳር ወገብ የሚደርስ፣ አናቱ ተደልድሎ ጠረጴዛ የመሰለ የአፈር ግድግዳ ነበር። እጃቸውን አሳረፉበት።

«እዚህ ነበር የምናሳርፈው» አሉ።

«ምኑን?» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ሸክሙን ነዋ። እንጨቱን።»

ከኋላ ሆኜ ስሄድ ስለነበር በቅርብ ነበርኩ። ልጃቸው «እማዬ፣ ተይው አሁን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እማማ ግን ወደ ልጅቷ ዞረው ቀጠሉ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ ሌሊት ተነሥተው ጫካ ይወጡ ነበር፤ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው እስከ ከተማ ይወርዱ ነበር። ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ፣ እንጨቱ ለወጥ። ሸክሙን መሬት ላይ አያወርዱትም፤ መሬት ላይ ከወረደ ያለ ሰው እርዳታ መልሶ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ እንደዚህ ባሉ ማሳረፊያዎች የታወቀ ነበር። ጀርባን ሰጥቶ ሸክሙን ግድግዳው ላይ ማስደገፍ፣ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ መቀጠል። «ጥበቃ ካልያዘን» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «ከያዘን ገመዱም አይመለስም።»

«ስንት ጊዜ ሠራሽው?» አለች ልጅቷ።

«ስንት ጊዜ! አሥራ አንድ ዓመት ነው እንጂ። እናትሽን ያስተማርኳት በምን መሰለሽ?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናትየው ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች። ሁላችንም ዝም አልን። ቀጥላ ልጅቷ፣ ቅር ባላት ድምፅ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«የሚነገረው ሲጠየቅ ነው። ማን ጠየቀኝ?» አሉ እማማ፤ ጋቢያቸውንም አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን ሰፈራችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ የምናውቃቸው የእድር ወጥ ሲሠራ ጨው የሚቀምሱ፣ ልጅ ሲታመም ግንባሩን ዳስሰው «ደህና ነው» የሚሉ እናት ሆነው ነው። ልጃቸው ባለ ዲግሪ ናት፤ ጥሩ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እንጨት ተሸካሚ መባል በእኛ ከተማ ብዙ ዘመን የሚያሳፍር ስም ሆኖ መኖሩ እውነት ነው። ቤቱን ሁሉ ያሞቀው፣ እንጀራውን ሁሉ ያበሰለው እንጨት ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ያመጣችው ሴት ግን በጓሮ በር ነበር የምትሸኘው።

ከዚያ ትንሽ እንደወጣን ከጫካው ሦስት ሴቶች ሲወርዱ አገኘን። ሸክማቸው ከትከሻቸው ግራና ቀኝ እጅግ ይተርፍ ስለነበር መንገድ ለቀንላቸው ቆምን። እንዲህ ያለው ሸክም 30 እና 40 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዳንዴ ከተሸካሚዋ ክብደት ብዙም አያንስም። እማማ «በርቱ ልጆቼ» አሏቸው። የመጨረሻዋ ሴት ገመዷ ላልቶባት ኖሮ ሸክሟ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ነበር። ተራራው ዳር ላይ ደገፍ አድርጋ ልታስተካክለው ስትታገል እማማ ጋቢያቸውን ለልጃቸው ወርውረው ሄዱ። ቋጠሮውን በአንድ አፍታ ፈቱት፣ ሳቡት፣ መልሰው አሰሩት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን «ነይ፣ ከሥሩ ያዢ» አሏት። ልጅቷ ሁለት እጇን ከሸክሙ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ገፋች። እናቷም ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣችና በሌላው ጎን ያዘች። ሦስቱ ሲያነሡላት ሴትየዋ ጎንበስ ብላ እግሯን አጽንታ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወረደች።

ልጅቷ እጇን አየች። የባሕር ዛፉ ልጥ መዳፏን ጭሮት ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ጀምሮ ግን የአያቷን ቦርሳ የያዘችው እሷ ናት።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ከተነሣን ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎን ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ስምንት ማዕዘን ያላት፣ በቀለም ያሸበረቀች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አጠገቧ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የልጆቹን ግምት አፈረሰው፤ በነጭ ኖራ የተቀባ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ቀላል ቤት ነው። የ7 ዓመቱ ልጅ «ንጉሡ ድሃ ነበር እንዴ?» አለ። የእድሩ ዳኛ ሳቁና «ብርዱ ነበር እንጂ ድህነቱ አይደለም የከበደው» አሉት። በእርግጥም ይህ ከፍታ ለጦር ምሽግ እንጂ ለቤተሰብ ኑሮ የሚመች አልነበረም። ብርዱና ንፋሱ ይበረታል፣ እንጨቱ ያልቃል። እቴጌ ጣይቱ ታች ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ለቦታው አዲስ አበባ የሚል ስም ሲያወጡ፣ መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ። ከተማችን እንግዲህ ከዚህ ተራራ ብርድ ሸሽታ የወረደች ከተማ ናት። እኛ በአንድ ጠዋት የወጣነውን መንገድ እነሱ ዕቃ ጭነው ነው የወረዱት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ጀርባው ላይ ስንቆም ከተማዋ በሙሉ እግራችን ሥር ተዘረጋች። ጠዋት ሁልጊዜ ስስ የጭስ መጋረጃ አለባት፤ ከረፋድ በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ይገፈፋል። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ በስተ ደቡብ ራቅ ብሎ ዝቋላ ይታያል። ልጆች የራሳቸውን ቤት ጣሪያ ለማግኘት ይጨቃጨቃሉ፤ አይገኝም፣ ጭቅጭቁ ግን ደስ ይላል።

ብዙ ሰው ከዚህ ይመለሳል። ዞር ብሎ ሰሜኑን ማየት ግን አይረሳ። የእንጦጦ ጀርባ ውኃ የሚለያይበት ነው። በከተማው በኩል የሚወርደው ዝናብ በየወንዞቹ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሰሜን በኩል፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ደግሞ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይሄዳል፤ ሱዳንን አቋርጦ፣ ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራኒያን ይገባል። ይህን ስነግራቸው የ7 ዓመቱ ልጅ ከኮዳው ጥቂት ውኃ በአንድ በኩል፣ ጥቂት በሌላ በኩል አፈሰሰ። «ይሄ ግብፅ፣ ይሄ አፋር» አለ። «በል ለራስህም አስቀር» አለችው እናቱ።

ምሳችንን የበላነው ፀሐይ በሚመታው ሣር ላይ ነው። የነቢያት ጾም ስለነበረ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና አንዷ እናት በሳህን አሽጋ ያመጣችው የስልጆ ፍትፍት ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «እኛም ዛሬ አብረን እንጹም» ብለው ሥጋ የሌለበት ሳምቡሳ ይዘው መጥተዋል፤ ቀድሞ ያለቀውም እሱ ነው። ሻይ በፔርሙዝ ነበረን። ጫፍ ላይ ትኩስ ነገር ቅንጦት አይደለም፤ ለአረጋዊ ሰውና ለልጅ ከምግቡ ይበልጣል።

ከጀርባው ላይ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያው ቤት ይታያል፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉበት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። የልጅ ልጅየው ይህን ከትምህርት ቤት ታውቀው ነበርና ለአያቷ አስረዳቻቸው። እማማ በጥሞና ሰሙና «ታዲያ እኛ እንጨት የምንለቅምበት ቦታ ነው እኮ» አሉ። በዚህ ሁላችንም ሳቅን፤ ልጃቸውም ሳቀች። ቀጥላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በልጅነቷ እናቷን ለመቀበል እስከ ኤምባሲው ግንብ ድረስ እንደምትወጣ፣ ከሸክሙ ላይ ጥቂት ጭራሮ መዛ እንደምታግዝ ለልጇ ነገረቻት። «እሷ እንዳትቀጣኝ ቤት ስደርስ ደብተር እይዛለሁ» አለች። እማማ «አውቅ ነበር» አሉ።

መውረድ ከመውጣት ይቀላል የሚል ሰው ጉልበቱን ገና አላወቀውም። ሽቅብ ሲሄዱ የሚደክመው ሳንባ ነው፤ ቁልቁል የሚጎዳው ጉልበት ነው። በየእርምጃው የሰውነት ክብደት በሙሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። አጭር እርምጃ፣ ጉልበትን ትንሽ ሰበር ማድረግ፣ ለአረጋውያን አንድ ጠንካራ ከዘራ፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። የጫማ ጥፍር መቆንጠጥም ቁልቁል ላይ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከመውረድ በፊት ማሰሪያውን ጠበቅ ማድረግ ነው። ልጆቹ መሮጥ ፈልገው ነበር፤ ደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ገባን። ጠዋት የጎተትናቸው ሁለት ሴቶች ሱቃቸውን አልረሱትም፤ ሌሎቻችንም እነሱን ስንጠብቅ አንድ ሁለት ነጠላ ገዛን።

ለአንባቢ ወላጆችና አያቶች የምለው እንግዲህ ይህን ነው። ጥር አላለቀም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ተራራው ደግሞ በእያንዳንዳችን መንገድ ጫፍ ላይ አለ። የእንጦጦ ሰፈር ሰው ላልሆነ የካ አለ፣ የረር አለ፣ በየክፍለ ሀገሩም የየሰፈሩ ጉብታ አለ። ብዙ ሰው ሆኖ መሄድ፣ ከመምሸቱ በፊት መመለስ፣ ውኃ በበቂ መያዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጅ ሲደርሱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፤ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ዝግጅት የለም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ዳገት ባይደፍር ይሻላል።

ሌላው ነገር ከእርምጃው ጋር የተያያዘ ነው። ልጅን ከፊት አስቀድሞ አረጋዊን ከኋላ የሚያስከትል ጉዞ ቶሎ ይደርሳል፣ ይዞት የሚመለሰው ግን ፎቶ ብቻ ነው። አረጋዊው ከፊት ሲሆን ሁሉም ትንፋሽ ይተርፈዋል፤ ትንፋሽ የተረፈው ሰው ያወራል፣ ይጠይቃል። ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ቴሌቪዥን በርቶ፣ ሃያ ዓመት ያልተነገረ ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ በአንድ ማሳረፊያ ላይ ይነገራል። የእማማ የልጅ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዛ አያቷ አጠገብ ትቀመጣለች ብለው የእድሩ ዳኛ ነግረውኛል። የማሳረፊያዎቹን ስም ነው የምትጽፈው፤ እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው አሉ። ሰባቱን ጽፋለች፤ የቀሩትን እማማ ቦታው ላይ ካልሄድኩ አላስታውሳቸውም ብለዋል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ መልሰን እንወጣለን። ጎረምሳው አባትም ተመዝግቧል፤ ከኋላ ነው የምሄደው ብሏል።